ቡቺ፣ ፌስታልና የሰው እጅ

ምሳ እየበላችሁ ከሆነ ይህቺን ጽሁፍ ለከሰዓት አቆዩአት። የምሬን ነው። የማወራችሁ ስለ ውሻ ነው። ስለ ታማኝነቱ፣ ስለ ዓይኑ ወይም በር ላይ ተኝቶ ጌታውን ስለ መጠበቁ ግን አይደለም፤ እሱን ሁሉም ሰው ያወራዋል። የማወራችሁ ማንም ሊያወራው ስለማይፈልገው ስለ ሌላኛው ጫፉ ነው።

ቡቺ የኛ ግቢ ውሻ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት አባቴ በካርቶን ይዞት ሲመጣ በአንድ እጅ የሚያዝ ነገር ነበር። ዛሬ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ገና ከመንገድ ማዶ ሆኖ «ኧረ ውሻውን እሰሩት!» ብሎ የሚጮህበት ጎረምሳ ሆኗል። ሰፈራችን ገርጂ ነው። ግቢያችን ሰፊ አይደለም። ፊት ለፊት ቤቱ፣ ከጀርባ የእማዬ የጎመን መደብ፣ ከመደቡ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ ጀምሮ ያለ የጉድጓድ ሽንት ቤት አለ። ይህቺን ካርታ ያዙልኝ፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

በጋዜጠኝነት ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ (ሥራ እስኪገኝ ነው፣ አትሳቁ!) ቡቺን ተከትሎ የማጽዳት ኃላፊነት እኔ ላይ ወደቀ። የቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍል እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሥራ ያለው ሰው ሥራ አለው፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ የሁሉም ሰው ሥራ አለው።

የኔ ዘዴ ቀላል ነበር። በአካፋ አነሳለሁ፣ ፌስታል ውስጥ እከታለሁ፣ ፌስታሉን ጥብቅ አድርጌ እቋጥራለሁ፣ እንዳይሸት በሌላ ጥቁር ፌስታል እደርበዋለሁ። ከዚያ ቆሻሻ የምናጠራቅምበት ማዳበሪያ ውስጥ፣ ከሽንኩርት ልጣጩና ከቡና አተላው ስር እቀብረዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የማህበሩ ሠራተኞች መጥተው ማዳበሪያውን ይወስዳሉ። አለቀ። እውነቱን ለመናገር በንጽህናዬ እኮራ ነበር።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች።

ቆሻሻ የሚያነሱልን ሴትዮ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ ናቸው። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «የኔ ልጅ» ይሉኛል። ማዳበሪያውን ከመሸከማቸው በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር አለ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው ባዶ ሃይላንዶችን ይለቅማሉ። ለብቻ አጠራቅመው ይሸጧቸዋል፤ ከደሞዛቸው ላይ የምትጨመር ትንሽ ገንዘብ ናት። በዚያን ቀን ጓንት አላደረጉም ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ስልኬን እየነካካሁ ነው። አንዱ ፌስታል እጃቸው ላይ ፈነዳ።

አልጮሁም። አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ከሰውነታቸው ራቅ አድርገው ይዘው ቀና ብለው አዩኝና «ይሄ የውሻሽ ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሮጬ ውሃና ሳሙና አመጣሁና አስታጠብኳቸው። እየታጠቡ በዝግታ እንዲህ አሉኝ፦

«ቆሻሻ ማንሳት ሥራዬ ነው የኔ ልጅ። አላፍርበትም። ግን ደብቀሽ አትስጪኝ። ምን እንዳለበት ካወቅኩ እንዴት እንደምይዘው አውቃለሁ።»

ከዚያ ማዳበሪያውን ተሸክመው ሄዱ። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ቀረሁ።

*

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ዜና ሲጻፍ የሚጠየቁ ጥያቄዎችን እንደ ውዳሴ ማርያም አስደግመውናል፦ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? አንዲት ጥያቄ ግን አላስተማሩንም፦ ወዴት? እኔ የቡቺን ነገር ከግቢያችን እስካወጣሁት ድረስ ወዴት እንደሚሄድ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት ደግሞ የቡቺን ነገር በአሮጌው የኩሽና ሚዛን መዘንኩት። (እማዬ ይህን ስታነብ ሚዛኑን እንደምትጥለው አውቃለሁ። ሌላ እገዛላታለሁ፤ ሥራ ሲገኝ።) በአማካይ በቀን 300 ግራም ያህል መጣ። በ365 ስታባዙት 109 ኪሎ ተኩል ነው። በዓመት አንድ ኩንታል አልፎ ማለት ነው! ከአንድ ውሻ! ፌስታሉን ደግሞ በቀን ሁለት ካላችሁት በዓመት 730 ፌስታል። በገዛ እጄ ነው ይህን ሁሉ የቋጠርኩት።

ይህ ሁሉ ወዴት ሄደ? ከበራችን ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መኪና፣ ከመኪናው ወደ ክምር። የአዲስ አበባን ክምር ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን፤ ከተማው ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻውን የከመረበት ረጲ፣ ቆሼ የምንለው ቦታ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ እኔ ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ክምሩ አጠገብ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ የሞቱት። ልጆችም ነበሩበት።

የቡቺ ፌስታል ያን ክምር አልናደውም፤ ነገር ማጋነን አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ክምር የሚሠራው እኔ በየቀኑ በምላት «አለቀ» በምትለዋ ቃል ነው። እኔ ዘንድ ያለቀው ሌላ ሰው ዘንድ ይጀምራል። በመሃል ደግሞ ሁልጊዜ የሰው እጅ አለ።

*

ይህን ለእማዬ ሳወራት «ገጠር ብትሆኚ እኮ ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም» አለችኝ። እማዬ ያደገችው ገጠር ነው። እስቲ ቁጠሪልኝ አልኳትና ቆጠረችልኝ፦ የላም እበት ነው። ደርቆ ለማገዶ ሲሆን ኩበት ይባላል። የፈረስና የአህያ ፋንድያ ነው። የበግና የፍየል በጠጥ ነው። የዶሮ ኩስ ነው። እያንዳንዱ ሥራ አለው፤ ግድግዳ ይለቀለቅበታል፣ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ማሳ ላይ ይበተናል።

«የውሻስ?» አልኳት።

«የውሻማ…» አለችና አፏን አጣመመች። «የውሻ ነዋ!»

አያችሁልኝ? የሚጠቅመንን ሁሉ ስም አውጥተንለታል። ለማይጠቅመን ስም አላወጣንለትም፤ ያለን ቃል ለስድብ የምንጠቀምበት ብቻ ነው። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ቦታም የለውም። በዝምታ ተቋጥሮ ከሽንኩርት ልጣጭ ስር ይገባል።

እኔ የተማርኩት ልጅ ግን ወዲያው አንድ ብልህ ሐሳብ መጣልኝ። እበት ማዳበሪያ ከሆነ የቡቺስ ለምን አይሆንም? ተፈጥሮ አይደለም እንዴ? እናላችሁ ለእማዬ ሳልነግራት ለሦስት ሳምንት ያህል በየማለዳው የጎመኑ መደብ ስር መቅበር ጀመርኩ። ጎመኑም ደህና ነበር፤ እንዲያውም የለመለመ መሰለኝ። አካባቢ ጥበቃ ማለት እኔ ነኝ ብዬ ነበር!

ቡቺን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ላስከትብ የወሰድኩ ቀን ለእንስሳት ሐኪሙ በኩራት ነገርኩት። ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠና «ጎመኑን በልታችሁታል?» አለኝ። የሐኪም ፊት እንዲያ ሲሆን ጥሩ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል።

እንዲህ ነው ነገሩ። ላም ሣር ነው የምትበላው፤ ውሻ ደግሞ ሥጋ ይበላል፣ ሆዱ ውስጥ ወደ ሰው የሚተላለፉ ትሎችን ሊይዝ ይችላል። (በነገራችን ላይ እበትም ቢሆን ሳይብላላ አትክልት ላይ አይደረግም።) አንዱ የውሻ ትል ቶክሶካራ ይባላል። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አፈር ላይ የሚጫወት ሕጻን እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ይገባል፣ አንዳንዴ ዓይን ድረስ ሄዶ ጉዳት ያደርሳል። ሌላው ደግሞ ኢቺኖኮከስ የሚባል ደቃቅ ትል ነው። እኛ ከጥሬ ሥጋ ከምናገኘው ኮሶ ጋር ይዛመዳል እንጂ አንድ አይደለም። የታመመ በግ ወይም በሬ ጉበትና ሳምባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ውሻ ያን ጥሬውን ሲበላ ትሉ ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ እንቁላሉ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ያ እንቁላል ወደ ሰው አፍ ከገባ የሰው ጉበት ወይም ሳምባ ላይ ያው የውሃ ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው።

የኛ ቡቺ ምን ነበር የሚበላው? ከሉካንዳ የሚመጣለትን ጥሬ ሳምባ! በየሳምንቱ! አባቴ ራሱ ነው የሚገዛለት፤ እንደ ፍቅር መግለጫ።

ጎመኑን በልተነዋል። ደግነቱ እማዬ ጎመን እስኪርድ ድረስ ነው የምትቀቅለው፤ ሐኪሙም በደንብ የበሰለው እንደማያሰጋ ነገረኝና ልቤ ተመለሰ። የሚያሰጋው ጥሬ የሚበላው ነው፤ ሰላጣው፣ ቃሪያው፣ እንዲሁም አፈር የነካ እጅ። ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ምንም ሳትናገር ወደ ጓሮ ወጣችና ጎመኑን አንድ በአንድ ነቀለችው። ሦስት ዓመት ስትንከባከበው የነበረ መደብ ነው። ዛሬ እዚያ ያለው ጽጌረዳ ነው። ጎረቤት ሲያደንቀው እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ ታየኛለች።

*

ከዚያ በኋላ የሞከርኩትን ሁሉ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደክሙ።

መጀመሪያ የአሜሪካ ዘዴ መጣ። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ታሪኩን ስሰማት በሳቅ ሞተች፤ እዚያ ሰው በየቀኑ ከውሻው ኋላ ከረጢት ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ ዘመድ ሲመጣ አረንጓዴ ከረጢቶች ጥቅልል ላከችልኝ። ቅጠል ተስሎባቸዋል፣ «ባዮዲግሬደብል» ይላሉ፤ በስብሶ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል ለማለት ነው። ደስ አለኝ። ጋዜጠኝነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ሳነብ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የውሻ ከረጢት ለሚሠሩና ለሚሸጡ 20 ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ መጻፉን አገኘሁ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? አብዛኛው ከረጢት የሚሄደው ወደ ቆሻሻ ክምር ነው፤ እዚያ ተጨፍልቆና አየር አጥቶ ስለሚቀበር እንደተባለው ቶሎ አይበሰብስም። ቅጠሉ የተሳለው ለገዢው ሕሊና ነው ማለት ነው።

ለነገሩ እኛም ስለ ፌስታል ሕግ አጥተን አናውቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል ከልክሏል፤ ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እኔ እስከዚያ ድረስ ሁለት ሁለቱን እየደረብኩ ስቋጥር ነበር።

ሁለተኛው መቅበር ነው። ከአትክልት ርቆ፣ ጠለቅ አድርጎ መቅበር ጥሩ ዘዴ ነው ይላሉ። ግንቦት ላይ የአጥር ጥግ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ ጀመርኩ። እየጨመርኩ አፈር እመልሳለሁ። ጥሩ ነበር። ችግሩ የሰፈራችን አፈር መረሬ መሆኑ ነው። በበጋ እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ይይዛል እንጂ አያሳልፍም። ሐምሌ ሲገባ ጉድጓዴ ገንዳ ሆነ። አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረና ጠዋት ስወጣ የቀበርኩት ሁሉ ተንሳፎ ወደ መንገዱ ቱቦ እየሄደ ነበር። የቀበርኩት ሁሉ!

ቱቦው ወዴት ይሄዳል? (ይቺ ጥያቄ ካንዴም ሁለቴ ያዘችኝ።) የአዲስ አበባ ቱቦ ወደ ወንዞቹ ነው የሚሄደው፤ ወንዞቹ ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው ላይ ደግሞ የአትክልት ማሳ ያጠጣሉ። ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው ተመልሶ ወደ ገበያ ይመጣል፣ እኛም እንገዛዋለን። እማዬ ከጓሮዋ የነቀለችውን ነገር እኔ በቱቦ በኩል ልኬ ከገበያ ልገዛላት ነበር። መረሬ የሌለበት፣ ውሃ የሚመጥ አፈር ያለበት ሰፈር ያላችሁ መቅበሩ ይሠራላችኋል፤ ከውሃ ጉድጓድና ከአትክልት መራቅ ብቻ ነው። እኔ ግን ተሸነፍኩ።

ሦስተኛው ሙከራዬ የሚገርመው ነው። አላስካ ውስጥ በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች በብዛት የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ተሞክሮ የተጻፈ የኮምፖስት አሠራር አገኘሁ፤ ሁለት እጅ የውሻ ቆሻሻ፣ አንድ እጅ ሰጋቱራ፣ ተጨምቆ እንደተለቀቀ ስፖንጅ ርጥብ የሚያደርገው ውሃ። ሲከመርና ሲገላበጥ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይሠሩና ክምሩ ራሱ ይሞቃል፤ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ደርሶ ለቀናት ሲቆይ ብዙውን በሽታ አምጪ ይገድላል። ያም ሆኖ የሚበላ ነገር ላይ አይደረግም፤ ለአበባና ለዛፍ ብቻ ነው።

ሰጋቱራ እንጨት ቤት ሞልቷል። አንድ ጆንያ ተሸክሜ መጣሁ፣ አሮጌ በርሜል ቀዳድጄ ጀመርኩ። በየቀኑ ቴርሞሜትር እሰድበታለሁ። ታውቃላችሁ ስንት ደረሰ? 31! የቡቺ የራሱ ሰውነት ከዚያ ይሞቃል። ለምን ብዬ ሳነብ ክምር የሚሞቀው ሲበዛ እንደሆነ ገባኝ። ስፋቱም ቁመቱም ወደ አንድ ሜትር ካልተጠጋ ሙቀቱን አይዝም። የአላስካዎቹ ውሾች ብዙ ናቸው፤ እኔ ያለኝ አንድ ቡቺ ነው። አንድ ውሻ ክምር አያሞቅም። ሰጋቱራው ግን ሽታውን ጸጥ አድርጎት ነበር። ይቺን ዕውቀት ይዤ ወጣሁ።

*

እና መጨረሻው ምን ሆነ?

ያቺን ካርታ አስታወሳችኋት? የግቢው ጥግ ላይ ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት!

አዎ። ወራት ሙሉ ከቨርጂኒያ እስከ አላስካ ስዞር መልሱ ከአጥሬ ውስጥ ቆሞ ያየኝ ነበር። የሰው ሰገራ የሚገባበት የታወቀ ቦታ አለን፤ ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጥ መኪና አለ፣ ያ መኪና የሚያራግፍበት ማጣሪያ አለ። የቡቺም እዚያው ይገባል። ጠዋት በአካፋ አነሳለሁ፣ ሽንት ቤት እጨምራለሁ፣ ከላይ አንድ ጭብጥ ሰጋቱራ ወይም አመድ እበትናለሁ፣ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፌስታል የለም። ሕጉ አንድ ነው፤ ፕላስቲክ፣ ጨርቅም ሆነ አጥንት እዚያ አይገባም፣ የሚመጠውን ቱቦ ይዘጋልና። ሽንት ቤታችሁ ከሥሩ ወደ ወንዝ የሚለቅ ከሆነ ግን አይሆንም፤ እሱ የውሻ ብቻ ሳይሆን የእናንተም ችግር ነው።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁስ? ለእናንተ ደግሞ ያው የምትቀመጡበት ነው። በአሮጌ ጋዜጣ ታነሱታላችሁ፣ ውስጡን መቀመጫው ውስጥ ታራግፋላችሁ፣ ውሃ ትለቁበታላችሁ። ጋዜጣውን ግን እንዳትለቁት፣ ፎቅ ሙሉ ይረግማችኋል።

ዋናው ግን ጫፉ ላይ ሳይሆን መነሻው ላይ ነው። ቡቺ አሁን ጥሬ ሳምባ አይበላም። አባቴ አሁንም ይገዛለታል፣ ነገር ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቀቀላል። «ውሻ ተቀቅሎለት ሲበላ አየን!» ብሎ ሰፈር ሳቀብን፤ ይሳቅ። ሐኪሙ ባለው መሠረት በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይወስዳል። ትል የሌለበት ውሻ የሚጥለው ነገር ቆሻሻነቱ ባይቀርም አደጋው ያነሰ ነው። ስለዚህ ከአካፋው በፊት ድስቱ ይቅደም።

*

ስለ ድመት ሳላወራ ብሄድ እህቴ ትቀየመኛለች።

እህቴ ነፍሰ ጡር ሆና ልትታረስ እኛ ቤት መጣች። እማዬ ወዲያው ሚሚን፣ ድመታችንን፣ ለሰው ልትሰጥ ተነሳች። «ድመት ለነፍሰ ጡር አይሆንም» የሚባል ነገር ሰምታለች። ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ ልትይዝ ትችላለች፤ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝና ላይ ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ግን ሐኪሙ የነገረኝ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከድመቷ የሚወጣው ነገር ወዲያው አይተላለፍም፤ ለመተላለፍ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጸዳ ከሆነና የምታጸዳው ነፍሰ ጡሯ ካልሆነች ሚሚ ቤቷን ማጣት የለባትም። ሁለተኛ፣ ይኸው ተሕዋስ ባልበሰለ ሥጋና ባልታጠበ አትክልትም ይመጣል። እህቴ ደግሞ በዚያ ሰሞን ያማራት ምን መሰላችሁ? ክትፎ! ያውም ጥሬ! እኛ ድመቷን ልናባርር ስንሯሯጥ ክትፎው ሰሃን ላይ ቀርቦ ነበር። ክትፎው ተጠበሰ፤ ሚሚ ቀረች።

የሚሚን ሳጥን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን! ውጭ አገር ለድመት የሚሸጠው አሸዋ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ሸክላ ነው፣ አይበሰብስም፣ ዋጋውም አይቀመስም። እኔ የምጠቀመው ሰጋቱራና የተቀደደ ጋዜጣ ነው። አባቴ «አራት ዓመት የተማርሽው በመጨረሻ ለጥቅም ዋለ» ብሎኛል። የድመቱን ግን ሽንት ቤት አልጨምርም። ተሕዋሱ በውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ውሃው የት እንደሚደርስ ደግሞ አይተናል። በየቀኑ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለብቻ በአንድ ክዳን ባለው ባልዲ አጠራቅመዋለሁ፤ ቅዳሜ ከሌላው ለይቼ እሰጣለሁ።

ለማን እንደምሰጥ ታውቃላችሁ።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ባለው ሳምንት እትዬን በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሃይላንዶቹን ቀድሜ ለይቼ፣ አጥቤ፣ በሌላ ጆንያ አድርጌ ነበር። ጓንትም ገዝቼ ነበር፣ ወፍራሙን። ስሰጣቸው አየት አደረጉትና «ለማህበሩ ነው የሰጠሽው ወይስ ለኔ?» አሉ። «ለእርስዎ» አልኩ። ሳቅ ብለው ተቀበሉኝ። ብዙ አልተነጋገርንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓንቱን አድርገው አላየኋቸውም። «የት አደረጉት?» ስላቸው አብራቸው ለምትሠራ አዲስ ልጅ እንደሰጡ ነገሩኝ። «እሷ ገና አልለመደችም» አሉ።

አሁን በየቅዳሜው ያለን ወግ አጭር ነው። እኔ ባልዲውን አንስቼ «እትዬ፣ ይሄ የድመት ነው፣ በጋዜጣ ተጠቅልሏል» እላለሁ። እሳቸው «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ለብቻ ያስቀምጡታል። የውሻ የለበትም፣ የተደበቀም የለበትም። ማዳበሪያችን ከድሮው በግማሽ ቀሏል፤ አንድ ቀን ሲያነሱት «ውሻችሁ ሞተ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

አልሞተም። ይኸው አሁን ይህን እየጻፍኩ በር ስር ተጋድሞ ያየኛል፤ የተቀቀለ ሳምባው ሰዓት ደርሷል።

እናንተስ የግቢያችሁን ወዴት ነው የምትልኩት? ማዳበሪያችሁን ለማህበሩ ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ራሳችሁ እጃችሁን ክተቱበትና እዩት። ከዚያ እናወራለን።

ቸር እንሰንብት።